መክፈቻው በማን እጅ ነው?

አሊዩ አምባ ከአንኮበር በታች፥ ከይፋት ቈላ በላይ በአንዲት አምባ ላይ የተቈረቈረች የገበያ ከተማ መሆኗን የሸዋን የንግድ ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ ያስታውሳል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ የሚነሡ ነጋዴዎች በረሓውን በግመል አቋርጠው ፋሬ ከደረሱ በኋላ ዕቃቸው በአህያና በበቅሎ ተጭኖ ወደዚች ከተማ ይወጣ ነበር። የሐረርም ነጋዴ መድረሻው ይህችው ነበረች። ዓርብ ዓርብ በሚቆመው ገበያ ጨው፥ ቡናና የባሕር ማዶ ጨርቅ ይለወጥበታል፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ሰውም ይሸጥበት ነበር። የዚያን ጊዜ የምሥራቁ ወሰን ጠባቂ ወላስማ መሐመድ ሲሆን፥ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ማን እንደ ሆነ፥ ምን እንደ ያዘና ወዴት እንደሚሄድ ሳይጠየቅ፥ የንጉሡም ፈቃድ ሳይደርስለት ወደ አንኮበር አይወጣም። በ1841 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቈጣጠር የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ካፒቴን ሃሪስ፥ በሚከተለውም ዓመት የመጣው ሐኪሙ ቻርለስ ጆንስተን በዚሁ በር እንዲጠብቁ ተደርገዋል፤ ሁለቱም በ1844 ባሳተሟቸው መጻሕፍት ስለ ነገሩ በምሬት ጽፈዋል።

የእንግዶቹ ምሬት እንዳለ ሆኖ፥ የበሩ አጠባበቅ ግን በደንብ የታሰበበት ነበር። ንጉሡ ራሱ በር ላይ አይቀመጥም። በሩን የሚከፍተው በስሙ የሚታወቅ፥ ስለ ከፈተውም ሆነ ስለ ዘጋው የሚጠየቅ ሹም ነው። የሚገባውም ሰው በራሱ ስም ይገባል እንጂ ንጉሡ ነኝ ብሎ አይገባም። ይህ ነገር ዛሬ የንግድ መዝገባቸውን በሰርቨር ላይ ያኖሩ ነጋዴዎች ሊያስቡበት የሚገባ ሆኗል፤ ምክንያቱም ከነዚህ ብዙዎቹ በሩን ንጉሡ ነኝ ለሚል ሁሉ ክፍት አድርገው ተኝተዋል።

ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። በሸዋ ሮቢትና በዙሪያው ቈላ ማሾና ሽንኩርት ሰብስቦ የሚልክ ነጋዴ ትናንት ሒሳቡን የሚይዘው በጥቁር ሽፋን ደብተር ነበር፤ ማን ዱቤ እንደ ወሰደ፥ ለየትኛው ገበሬ ቀብድ እንደ ተሰጠ፥ ስንት ኩንታል በመጋዘን እንደ ቀረ በዚያ ይጻፋል። ዛሬ ይኸው መዝገብ በየወሩ ኪራይ በሚከፈልበት ሰርቨር ላይ መቀመጥ ጀምሯል። ሰርቨሩ አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል፤ ጀርመን አገርም ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባለው፥ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ1991 በጀመረውና ማንም ያለ ዋጋ ሊወስደው በሚችል ሥርዓት ነው። ነጋዴው ማሽኑን በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ ባለሙያውም ቢሆን የሚያዝዘው ከሩቅ ሆኖ ነው። ስለዚህ የሰርቨሩ ደኅንነት ከሁሉ አስቀድሞ የሚወሰነው ከሩቅ የሚያዝዘው ሰው በሚገባበት በር ላይ ነው።

በሊኑክስ ላይ የሁሉ የበላይ የሆነው ተጠቃሚ ሩት ይባላል፤ ትርጓሜውም ሥር ማለት ነው። ሩት ሆኖ የገባ ሰው ማናቸውንም መዝገብ ያነባል፥ ይለውጣል፥ ይሰርዛል፤ የመግባቱንም ምልክት ሊያጠፋ ይችላል። ይህ ስም በዓለም ላይ ባሉ የሊኑክስ ሰርቨሮች ሁሉ ላይ አንድ ነው። እንግዲህ በዚህ ስም በቀጥታ መግባት የሚፈቀድ ከሆነ፥ ሌባው ስሙን መፈለግ አያስፈልገውም፤ የይለፍ ቃሉን ብቻ መገመት ይቀረዋል። ግምቱንም የሚያካሂደው ሰው አይደለም። አዲስ ሰርቨር በኢንተርኔት ላይ በተከፈተ በጥቂት ሰዓት ውስጥ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ባነሰ ጊዜ፥ ከዓለም ዙሪያ የሚላኩ ፕሮግራሞች በር ቍጥር 22 ላይ መጥተው ሩት እያሉ የተለመዱትን ቃላት አንድ በአንድ ይሞክራሉ። የሰርቨሩን የመግቢያ መዝገብ ከፍቶ ያየ ነጋዴ በአንድ ሌሊት በሺሕ የሚቈጠሩ ሙከራዎች ተሰልፈው ቢያገኝ ሊደነግጥ አይገባውም፤ ሊደነግጥ የሚገባው መዝገቡን ከፍቶ አይቶ የማያውቀው ነው።

«የሽንኩርት ነጋዴን ሰርቨር ማን ይፈልገዋል?» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ይህ መልስ የተሳሳተ ነው። የሚያንኳኳው ፕሮግራም የማንን በር እንደሚያንኳኳ አያውቅም፥ ማወቅም አያሻውም። ከገባ በኋላ መዝገቡን ቈልፎ ገንዘብ ሊጠይቅ፥ ማሽኑን ሌሎችን ለማጥቃት ሊጠቀምበት፥ ወይም በነጋዴው ኪራይ የራሱን ዲጂታል ገንዘብ ሊያመርትበት ይችላል። ጅብ የሚያጠቃው የሰባውን በሬ ብቻ አይደለም፤ በረቱ ያልተዘጋበትን ነው።

ከሩቅ የሚያዝዝ ሰው የሚገባበት መሣሪያ ኤስ ኤስ ኤች ይባላል። ከእርሱ በፊት ቴልኔት የሚባለው መሣሪያ የይለፍ ቃሉን በመስመሩ ላይ ግልጽ አድርጎ ያሳልፍ ስለ ነበር፥ በመንገድ ላይ ያደፈጠ ሁሉ ሊያነበው ይችል ነበር። በ1995 በፊንላንድ በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መስመር ላይ እንዲህ ያለ ስርቆት ከተፈጸመ በኋላ፥ በዚያው የሚሠራው ታቱ ይሎነን ንግግሩን ሁሉ በምስጢር የሚሸፍነውን ኤስ ኤስ ኤችን ሠራ። ዛሬ አብዛኞቹ ሰርቨሮች የሚጠቀሙበት ኦፕን ኤስ ኤስ ኤች ደግሞ በ1999 ከኦፕን ቢ ኤስ ዲ ማኅበር የወጣ ነው። ሆኖም መንገዱ ተሸፈነ ማለት በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም። በተሸፈነ መንገድ የሚመጣ ሌባም ሌባ ነው።

ለዚህ የተገኘው መድኃኒት የይለፍ ቃልን ፈጽሞ ትቶ በቍልፍ መግባት ነው። በአማርኛ ቍልፍ ሲባል መቈለፊያውም መክፈቻውም በአንድ ስም ስለሚጠራ ነገሩ ሲተረጐም ይደባለቃል፤ ጓጉንቸርና መክፈቻ ቢባል ግን ልጅም ይረዳዋል። ባለሙያው በገዛ ኮምፒዩተሩ ላይ አንድ ጓጉንቸርና አንድ መክፈቻ በአንድነት ያሠራል። ጓጉንቸሩን ለማንም ቢሰጥ ጕዳት የለውም፤ በሰርቨሩ በር ላይ ያንጠለጥለዋል። መክፈቻው ግን ከኮምፒዩተሩ አይወጣም፥ በመስመሩ ላይም አያልፍም፤ ሰርቨሩ ጥያቄ ያቀርባል፥ መክፈቻውን የያዘው ብቻ ሊመልሰው ይችላል። ከ2014 ጀምሮ ኦፕን ኤስ ኤስ ኤች የተቀበለው ኢዲ 25519 የሚባለው ዓይነት አጭርና ጠንካራ ስለ ሆነ የሚመረጥ ነው። መክፈቻውም ራሱ በሌላ የይለፍ ቃል መታሸግ አለበት፤ ኮምፒዩተሩ በአውቶቡስ ውስጥ ቢሰረቅ ሌባው ብረቱን እንጂ በሩን እንዳያገኝ ነው። ከ2020 ወዲህ ደግሞ መክፈቻውን እንደ ትንሽ ፍላሽ በሚመስል የተለየ ዕቃ ውስጥ ማኖር ተችሏል፤ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ድርጅት ቢገዛው ዋጋውን አያጸጽትም።

ቍልፉ ከተሠራና መሥራቱ ከተረጋገጠ በኋላ በሰርቨሩ የኤስ ኤስ ኤች ደንብ ላይ ሁለት መስመሮች ይለወጣሉ፤ በይለፍ ቃል መግባት ይከለከላል፥ ሩት ሆኖ በቀጥታ መግባትም ይከለከላል። ኦፕን ኤስ ኤስ ኤች ከ2015 ጀምሮ ሩትን በይለፍ ቃል እንዳያስገባ ሆኖ ይወጣል፤ ነገር ግን አንዳንድ አከራዮች ይህን መልሰው ከፍተው፥ የሩትን የይለፍ ቃል በኢሜይል ለተከራዩ ይልካሉ። ተከራዩም ያንኑ ቃል ለዓመታት ይዞ ይኖራል።

እዚህ ላይ በንግድ ቤቶች ዘንድ የተስፋፋ አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ ይኸውም አንዱን የሩት የይለፍ ቃል ባለቤቱ፥ ልጁ፥ የሒሳብ ሠራተኛውና ባለሙያው በጋራ መጠቀማቸው፥ ቃሉንም በቴሌግራም መላላካቸው ነው። አንድ ቀን ከመዝገቡ የዱቤ ገንዘብ ተሰርዞ ቢገኝ ማን ሰረዘው ይባላል? የሰርቨሩ መዝገብ የሚናገረው ሩት ሰረዘው ብሎ ነው። ሩት ማን ነው? አራቱም ናቸው፤ ስለዚህ ማንም አይደለም። ከዚያ ወዲያ የሚሆነው የታወቀ ነው፤ ታማኙ ሠራተኛ ይጠረጠራል፥ ዘመድ ከዘመድ ይቀያየማል፥ ጉዳዩ ለሽማግሌ ይቀርባል፤ ሽማግሌዎቹም የሚይዙት ማስረጃ አይኖራቸውም። በቀድሞ ዘመን አንድ ሰው ሌላውን «በንጉሥ አምላክ!» ብሎ ሲያቆም የንጉሡን ሥልጣን ይዋሳል እንጂ ንጉሥ አይሆንም፤ ያለ አግባብ ቢያቆም በገዛ ስሙ ይጠየቅበታል። በሊኑክስ ላይ ሱዱ የሚባለው ትእዛዝ ሥራው ይኸው ነው። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስምና በራሱ መክፈቻ ይገባል፤ ሥልጣን ሲያስፈልገው ለዚያች ሥራ ብቻ የሩትን ኀይል ይዋሳል፤ ማን በስንት ሰዓት ምን እንዳዘዘም በመዝገብ ይጻፋል። ታማኙን ሠራተኛ ከሐሜት የሚያድነው ይህ ነውና፥ ነገሩ በሠራተኛ ላይ ያለ መተማመን ተደርጎ ሊታይ አይገባውም።

አንዳንድ ባለሙያዎች በሩን ከቍጥር 22 ወደ ሌላ ቍጥር በመለወጣቸው ሰርቨሩ ተጠበቀ ብለው ለደንበኛቸው ሲያስረዱ ይሰማል። ይህ የቤቱን በር በጓሮ እንደ ማዞር ያለ ነው፤ የመንገደኛውን ጫጫታ ይቀንሳል፥ የሚፈልገውን ሰው ግን አያግደውም። ከዚህ ይልቅ ደጋግሞ የተሳሳተን አድራሻ ለጊዜው የሚያግደው ፌይል ቱ ባን የሚባለው ፕሮግራም ይሻላል፤ ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ በሩ ጭራሽ ለዓለም እንዳይታይ አድርጎ፥ ዋየርጋርድን በመሰለ የግል መስመር ብቻ እንዲደረስበት ማድረግ ነው።

ስለ በሩ ይህን ያህል ሲባል፥ የሚገባውም ሰው ወደ ማን ቤት እንደሚገባ ማረጋገጥ ይገባዋል። ባለሙያው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አንድ ሰርቨር ሲገባ ኮምፒዩተሩ የሰርቨሩን የጣት አሻራ አሳይቶ፥ ይህን ታውቀዋለህን? ብሎ ይጠይቀዋል። ከመቶ ዘጠናው ሳያነብ አዎን ይላል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጣቱን በቀለም ነክሮ በውል ላይ ማተም በሚታወቅበት አገር የአሻራ ትርጕም ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ ሳያዩ መቀበል ከማን ጋር እንደ ተዋዋሉ ሳያውቁ መፈረም ነው። አሻራውን ከአከራዩ ሰሌዳ ጋር ማስተያየት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ከዚህ በኋላ አንድ ቀን አሻራው ተለውጧል የሚል ማስጠንቀቂያ ቢመጣ፥ ወይ ሰርቨሩ በአዲስ ተተክቷል፥ ወይ በመካከል ሌላ ሰው ቆሟል፤ የትኛው እንደ ሆነ ሳይታወቅ ማስጠንቀቂያውን ሰርዞ መግባት አይገባም።

ጠንካራ በር የሠራም ሰው ቢሆን ማጠፊያው እየዛገ እንደሚሄድ ማወቅ አለበት። በ2016 ዓ.ም. ሁለት ታላላቅ ነገሮች ታይተዋል። በመጋቢት 20 ቀን አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ወደ መሞከሪያ ማሽኑ ሲገባ ነገሩ በግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱ አሳስቦት ቢመረምር፥ ኤክስ ዜድ በተባለው የመጭመቂያ ፕሮግራም ውስጥ በኤስ ኤስ ኤች በኩል ሰርጎ ለመግባት የተሠራ ስውር በር ተገኘ። ያን ያስገባው ጂያ ታን በሚል ስም የሚታወቅ ሰው ሁለት ዓመት ያህል መልካም ሥራ እየሠራ የፕሮግራሙን ጠባቂ አመኔታ ያገኘ ነበር። እንደ ዕድል ሆኖ ስውሩ በር ወደ ብዙኃኑ ሰርቨሮች ሳይደርስ ተያዘ። ከሦስት ወር በኋላ በሰኔ 24 ቀን ደግሞ ኳሊስ የተባለው ኩባንያ በኦፕን ኤስ ኤስ ኤች በራሱ ላይ፥ በ2006 በአውሮፓ አቈጣጠር ተጠግኖ የነበረ አሮጌ ጕድለት ተመልሶ መግባቱን ገለጸ፤ ጕድለቱም የይለፍ ቃል ሳይኖር ሩት ለመሆን መንገድ የሚከፍት ነበር። ማስተካከያው በዚያው ቀን ወጣ። ማስተካከያውን የጫነ ዳነ፤ ሰርቨሩን ከተከራየ ወዲህ ነክቶት የማያውቅ ግን ወሬውንም አልሰማም። ሊኑክስ የደኅንነት ማስተካከያዎችን በራሱ እየጫነ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል፤ ይህንም አለማድረግ ምክንያት የለውም።

በይፋት ላለ ነጋዴ ይህ ነገር ከሌላው ይልቅ የሚጠነክርበት አንድ ምክንያት አለ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ያህል ቈይቷል። በዚያ ጊዜ የነጋዴው ስልክ ከመስመር ሲወጣ፥ በሌላ አገር ያለው ሰርቨር አልጠፋም፤ በሩን የሚያንኳኩትም ፕሮግራሞች አልተቋረጡም። ባለቤቱ ሊደርስበት ያልቻለው ማሽን ሌባው ሊደርስበት ይችል ነበር ማለት ነው። ስለዚህ በሩ ባለቤቱ ባይኖርም ራሱን እንዲጠብቅ ሆኖ መሠራት አለበት፤ ደግሞም ሁለተኛ መክፈቻ፥ በራሱ ስም የተመዘገበ፥ መስመር በማይቋረጥበት ከተማ ባለ የታመነ ሰው እጅ መኖር አለበት። ይህ ሰው ወንድም ወይም የንግድ ሸሪክ ሊሆን ይችላል፤ የመዝገቡም ቅጅ ከሰርቨሩ ውጭ በየጊዜው እንዲቀመጥ የሚያደርገው እርሱ ቢሆን መልካም ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበው ግን ቴክኒኩ ሳይሆን የባለቤትነቱ ነገር ነው። ብዙ ነጋዴ ሰርቨሩን የተከራየለት ወጣት ባለሙያ ነው፤ ኪራዩም በባለሙያው ኢሜይል፥ በባለሙያው ካርድ የተመዘገበ ነው። በሩ በብረት ቢሠራ እንኳ፥ የአከራዩን ሰሌዳ የያዘ ሰው ማሽኑን ከመሠረቱ ሊከፍተው፥ ሊያጠፋውም ይችላል። ባለሙያው ክፉ መሆን አያስፈልገውም፤ ወደ ውጭ አገር ቢሄድ፥ ቢታመም፥ ወይም ኢሜይሉን ቢያጣ የነጋዴው የዐሥር ዓመት ሒሳብ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ሰሌዳው በድርጅቱ ስምና ኢሜይል መመዝገብ፥ በሁለት ደረጃ ማረጋገጫም መታጠር አለበት። አንድ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የመጋዘኑን መክፈቻ እንደሚያስረክብ ሁሉ፥ በሰርቨሩ በር ላይ የሰቀለው ጓጉንቸር በዚያው ዕለት መውረድ አለበት። የሁሉም ጓጉንቸር ለየብቻው ስለሚሰቀል የአንዱን ማውረድ ሌላውን አያውከውም፤ በጋራ የይለፍ ቃል ግን አንዱ በወጣ ቍጥር የሁሉም ቃል መለወጥ ነበረበት፥ እውነቱን ለመናገር የሚለውጠውም የለም።

ሕጉ ቦታውን ይዟል። የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቍጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል አድርጎታል፤ የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ያስገድደዋል። የዱቤ ደንበኛውን ስም፥ ስልክና ዕዳ በሰርቨር ላይ የመዘገበ ነጋዴም ከዚህ ውጭ አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ከግብፅ የተነሣ ጥቃት ማክሸፉን ሲገልጽ፥ ብዙ ነጋዴ ነገሩ የመንግሥት ድረ ገጾች ጉዳይ ነው ብሎ አልፎታል። ዐዋጁ ሌባውን ይቀጣል፤ የጠፋውን የዱቤ መዝገብ ግን መልሶ አይጽፍም።

የየከተማው የንግድ ምክር ቤቶች እዚህ ላይ ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ አለ። አባሎቻቸው ከባለሙያ ጋር የሚዋዋሉበት አንድ ናሙና ውል ቢያዘጋጁና፥ በውሉም ውስጥ ሰሌዳው በማን ስም እንደሚሆን፥ በር በቍልፍ ብቻ እንደሚከፈት፥ ሩት በቀጥታ እንደማይገባ፥ ሥራው ሲያበቃ የባለሙያው ጓጉንቸር በስንት ቀን ውስጥ እንደሚወርድ ቢጻፍ፥ ስለ ኮምፒዩተር ምንም የማያውቅ ነጋዴ እንኳ መብቱን ሊጠይቅ ይችላል። ዛሬ የሚፈረሙት ውሎች በብዛት ስለ ዋጋና ስለ ማስረከቢያ ቀን ብቻ የሚናገሩ ናቸው፤ ስለ መክፈቻው ዝም ይላሉ።

ሥራውን ዛሬውኑ ለማስጀመር የሚያስብ ነጋዴ ባለሙያውን አንድ ነገር ሊያሳስበው ይገባል። የበሩ ደንብ ሲለወጥ ባለሙያው አስቀድሞ የገባበትን መስኮት ሳይዘጋ፥ በሌላ መስኮት በአዲሱ መክፈቻ መግባት መቻሉን መሞከር አለበት። ይህን ሳያደርግ የዘጋ ብዙ ሰው ከራሱ ሰርቨር ውጭ ቀርቷል፤ ያን ጊዜ የሚቀረው መንገድ በአከራዩ ሰሌዳ በኩል ያለው ኮንሶል ብቻ ነው፥ ሰሌዳውም በማን ኢሜይል እንደ ተመዘገበ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ በዚያን ሰዓት ነው።